ትልቁ ፋይል ሁሉ አያምርም፦ ስካይሪም ላይ ቴክስቸር ሞድ ስለመጫን

ይህ ባሕር ዳር ላይ ለተሰበሰቡ የጌም ወዳጆች ያደረግኩት ንግግር ነው። በቃል የተነገረ ስለሆነ ለንባብ እንዲመች እዚህም እዚያም ነካ ነካ አድርጌዋለሁ። መጨረሻ ላይ ከተሰብሳቢው የተነሱት ጥያቄዎችም አሉበት።

እንደምን ዋላችሁ። ከኋላ ያላችሁ ትሰማላችሁ? ጥሩ።

ዛሬ የማወራው ስለ ቴክስቸር ሞድ አጫጫን ነው። ሞድ ማለት ጌሙን ለመቀየር ተጫዋቾች ራሳቸው ሠርተው የሚያጋሩት ፋይል ነው፤ ቴክስቸር ምን እንደሆነ ደግሞ ቆይቼ እነግራችኋለሁ። ቀላል ነገር ነው ብላችሁ ከመጣችሁ ልክ ናችሁ፤ ፋይል ከአንድ ፎልደር ወደ ሌላ ፎልደር ማድረግ ነው። ግን ይሄን ቀላል ነገር ይዞ ስንቱ ሰው ጌሙን አበላሽቶ «ላፕቶፔ አይችልም» ብሎ እንደተወው ብታዩ! ላፕቶፑ ይችል ነበር። ያልቻለው የተጫነበትን ነው።

ምሳሌ የማደርገው ስካይሪምን ነው። እዚህ ከተቀመጣችሁት የብዙዎቻችሁ ላፕቶፕ ላይ አለ፤ ከየት እንዳመጣችሁት አልጠይቅም፣ አትሳቁ። ጌሙን ቤተስዳ የሚባለው ኩባንያ ያወጣው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 11 ቀን 2011 ነው። በ2016 ደግሞ ስፔሻል ኤዲሽን የሚባለውን አወጣ። የመጀመሪያው 32 ቢት ነው፣ በዳይሬክትኤክስ 9 (ጌሙ ከግራፊክስ ካርዱ ጋር በሚነጋገርበት የዊንዶውስ ሶፍትዌር) ይሠራል። ስፔሻል ኤዲሽኑ 64 ቢት ነው፣ በዳይሬክትኤክስ 11 ይሠራል። አሁን አሰልቺ ዝርዝር ይመስላችኋል፤ ግን ያዙልኝ፣ በኋላ እንፈልገዋለን። እናንተ ጋ ያለው የትኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ ማታ ገብታችሁ እዩት።

ቴክስቸር ምንድን ነው? ብዙ ሰው በጥቅሉ ግራፊክስ ማለት ይመስለዋል። አይደለም። ዘጌ ተሻግራችሁ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ያያችሁ ታስታውሳላችሁ፤ የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል ተሞልቷል። ሲታይ ግድግዳው ላይ የተሣለ ይመስላል። ሥዕሉ ግን ያለው ጨርቅ ላይ ነው፤ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ጨርቁ ነው። ጌም ውስጥም እንዲሁ ነው። ግድግዳው፣ በርሜሉ፣ የሰውየው አፍንጫ፣ ቅርጽ ያለው ነገር ሁሉ ሜሽ ይባላል። ላዩ ላይ የሚለጠፈው ሥዕል ቴክስቸር ነው። ቴክስቸር ሞድ የሚያደርገው ጨርቁን መቀየር ብቻ ነው፣ ግድግዳውን አይነካም። ስለዚህ ጠርዙ ስድስት ማዕዘን የሆነ በርሜል ላይ የዓለምን ምርጥ የእንጨት ቴክስቸር ብትለጥፉበት፣ የሚያምር እንጨት ያለው ስድስት ማዕዘን በርሜል ነው የምታገኙት። ክብ እንዲሆን ከፈለጋችሁ የምትፈልጉት ሜሽ ሞድ ነው፤ እሱ ሌላ ቀን።

ለአንድ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ሁለት ቴክስቸር አለ። አንደኛው ቀለሙ ነው። ሁለተኛው ኖርማል ማፕ ይባላል፤ ስትከፍቱት ወደ ሰማያዊና ወይን ጠጅ የሚያደላ ግራ የሚያጋባ ሥዕል ነው፣ የፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ ከስር ሰረዝና «ኤን» የምትል ፊደል አለችበት። ብርሃን ሲያርፍበት የትኛው ቦታ ጎድጓዳ፣ የትኛው ቦታ ጉብ ያለ መስሎ እንዲታይ የሚያደርገው እሱ ነው። ስካይሪም ላይ ደግሞ የቱ ቦታ እንደሚያንጸባርቅ የሚወስነው መረጃ እዚሁ ፋይል ውስጥ፣ አልፋ ቻናል በሚባለው ተጨማሪ ንብርብሩ ላይ ተቀምጧል። ይሄን የምነግራችሁ በምክንያት ነው። አንዳንዱ ሰው ቀለሙን ከአንድ ሞድ፣ ኖርማሉን ከሌላ ሞድ ወስዶ ይቀላቅላል፣ ከዚያ ድንጋዩ ላይ የጡብ መስመር ይወጣበትና «ጌሙ ባግ አለው» ይላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ዛሬ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ የምፈልገው ይሄን ነው፦ ሜሞሪ።

የጌም ቴክስቸሮች ዲዲኤስ የሚባል ፋይል ናቸው። ስልካችሁ የሚያነሳው ፎቶ ጄፔግ ነው፣ ዲስክ ላይ ትንሽ ቦታ ይይዛል፣ ሊታይ ሲል ግን ተፈትቶ ይተልቃል። ዲዲኤስ እንደታመቀ ግራፊክስ ካርዱ ሜሞሪ ውስጥ ይገባል፤ ካርዱም እንደታመቀ ያነበዋል። እንግዲህ እናስላ። ስልክ ያላችሁ ካልኩሌተር አውጡ። 4ኬ የሚባለው ቴክስቸር 4096 በ4096 ፒክስል ነው፤ ከ16 ሚሊዮን ፒክስል በላይ ማለት ነው። ምንም ሳይታመቅ 64 ሜጋባይት ይወስዳል። ቢሲ7 በሚባለው ጥሩ አስተማመቅ 16 ሜጋባይት ይሆናል። በዚያ ላይ ሚፕማፕ የሚባሉ፣ ነገሩ ከሩቅ ሲታይ የሚያገለግሉ እያነሱ የሚሄዱ ቅጂዎች አሉ፤ እነሱ ሲሶ ይጨምራሉ። 21 ሜጋባይት ገደማ ደረስን። ኖርማል ማፑም በዚያው ልክ ከሆነ ለአንድ ዕቃ ብቻ 43 ሜጋባይት ገደማ ሄደ ማለት ነው። 2 ጊጋባይት ካርድ ያለው ሰው እንዲህ ዓይነት ዕቃ ሃምሳ እንኳ ሳይሞላለት ሜሞሪው ያልቃል። ዊንዶውሱ የሚወስደውን፣ ጥላውን፣ ሜሹን ሳንቆጥር ነው ይሄ። አንድ የጠጅ ቤት ክፍል ውስጥ ደግሞ ስንት ዕቃ እንዳለ እናንተው ታውቃላችሁ።

2ኬ፣ ማለትም 2048 በ2048፣ ስታደርጉት ሩቡን ብቻ ይፈጃል። 1ኬ ደግሞ የሩቡን ሩብ።

አሁን ሌላ ስሌት። እዚህ ከተማ ብዙ ሰው እጅ ላይ ያለው ላፕቶፕ ስክሪኑ 1366 በ768 ነው። አባዙት። አንድ ሚሊዮን ፒክስል ከምናምን ነው። አንድ ባለ 4ኬ ቴክስቸር ታዲያ ከሙሉ ስክሪናችሁ 16 እጥፍ ፒክስል አለው። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠች አንዲት ማሰሮ፣ በስክሪኑ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል፣ 16 ስክሪን ሙሉ ሥዕል ተሸክማ ቆማለች። ማን ያየዋል? ማንም አያየውም። ካርዱ ግን ተሸክሞታል።

ለዚህ ነው «ሁሉንም 4ኬ አደረግኩት» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ የማላደንቀው። ውድ ካርድና ትልቅ ሞኒተር ያለው ያድርገው፣ ያምርበታል። እኛ ጋ ግን ሰው 4ኬ የሚያወርደው ቁጥሩ ስለሚያምር ነው። በጥሩ ባለሙያ የተሠራ 1ኬ ቴክስቸር፣ የጌሙን የመጀመሪያ ሥዕል ወስዶ በሶፍትዌር ብቻ ከለጠጠው 4ኬ ይበልጣል፤ ከእኔ ጋር የማይስማማ ካለ ጎን ለጎን አስቀምጦ ያሳየኝ።

ታዲያ ምኑን እንቀይር? ዓይናችሁ የሚያርፍበትን። ስካይሪም ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የምታዩት መሬቱን፣ መንገዱን፣ ተራራውን፣ የከተማውን ግንብ፣ የሚያናግራችሁን ሰው ፊትና በእጃችሁ የያዛችሁትን ጎራዴ ነው። በተለይ ተራራው! የተራራው ድንጋይ ጥቂት ፋይሎች ናቸው፣ በመላው ካርታ ላይ ይደጋገማሉ። እነሱን ብቻ በጥሩ 2ኬ ብትቀይሩ ጌሙ ሌላ ጌም ይመስላል፣ ሜሞሪው ግን ብዙም አልተነካም። ሹካው፣ ባልዲው፣ መደርደሪያ ላይ ያለው አይብ በነበረበት ይቆይ፤ ካልሆነላችሁም 512 ይበቃዋል። አይብ ቀርባችሁ የምትመረምሩ ካላችሁ ግን እኔ ጣልቃ አልገባም።

ሞዱን ከየት እናመጣለን? ዋናው ገበያ ኔክሰስ ሞድስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ከስካይሪም በፊት በወጣው በሞሮዊንድ ጌም ወዳጆች የተጀመረ ነው። በነፃ ተመዝግባችሁ ታወርዳላችሁ፣ ፍጥነቱ የተገደበ ነው እንጂ ገንዘብ አይጠይቅም። ከማውረዳችሁ በፊት ገጹ ላይ ሦስት ነገር እዩ። ለየትኛው ስካይሪም እንደተሠራ፣ 1ኬ ወይም 2ኬ አማራጭ እንዳለው፣ እንዲሁም ሠሪው የጻፈውን መግለጫ። መግለጫውን የሚያነብ የለም፤ መልሱ ግን ሁልጊዜ እዚያ ነው ያለው። ሌላው ደግሞ ዚፑ 1 ጊጋባይት ነው ማለት ሲፈታ 1 ጊጋባይት ነው ማለት አይደለም፤ ዲስካችሁ ላይ ሰፋ ያለ ቦታ ይኑር።

ኢንተርኔቱን በተመለከተ ለእናንተ አልነግራችሁም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ክልላችን ላይ የሞባይል ዳታ ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደከረመ ሁላችሁም ኖራችሁበታል። ያኔ ሞድ የሚመጣው በሰው እጅ ነበር፤ ከአዲስ አበባ በሃርድ ዲስክ ተጭኖ ዓባይ በረሃን ተሻግሮ፣ ደጀንን፣ ደብረ ማርቆስን አልፎ። ያ ልማድ አሁንም አለ፣ ጥሩ ልማድም ነው፤ አንድ ሰው ያወረደውን አሥር ሰው ሲካፈለው ዳታም ገንዘብም ይተርፋል። ሁለት ነገር ብቻ ልጨምርበት። ዚፑን ሳትፈቱ እንደመጣ አስቀምጡት፤ ስሙን አትቀይሩ፣ የሠሪውን የማብራሪያ ፋይልም አታጥፉ። የሰው ድካም ነው፣ ደግሞ ከወር በኋላ ራሳችሁም «ይሄ የምን ሞድ ነበር?» ማለታችሁ አይቀርም። ሁለተኛው ያው ቫይረስ ነው። ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገውን የፍላሽ ቫይረስ የማያውቅ እዚህ ያለ አይመስለኝም። የቴክስቸር ሞድ ውስጥ የሚኖሩት የሥዕል ፋይሎች ናቸው፤ አንዳንዴ ሜሽ፣ አንዳንዴ የጌሙን ውስጣዊ መረጃ የሚቀይር ኢኤስፒ የሚባል ትንሽ ፋይል ይኖራል። ራሱን የሚከፍት የኤክዜ ፋይል ካያችሁበት ግን አትንኩት። ድንጋይ ለመቀየር ኤክዜ አያስፈልግም።

አጫጫኑ እነሆ። መጀመሪያ ጌሙ ራሱ የት ነው ያለው? ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ከሆነ አውጡት፣ ዲ ላይ ወይም ሌላ ቦታ አድርጉት። ዊንዶውስ ያንን ፎልደር ስለሚጠብቀው ፋይል ስትቀይሩ ፈቃድ እየጠየቀ ያስቸግራል።

የጌሙ ፎልደር ውስጥ ዳታ የሚባል ፎልደር አለ። ሁሉም ነገር ያለው እዚያ ነው። የጌሙ የራሱ ቴክስቸሮች ቢኤስኤ በሚባሉ ትልልቅ ፋይሎች ውስጥ ታሽገው ተቀምጠዋል። እናንተ ዳታ ውስጥ «ቴክስቸርስ» የሚል ፎልደር ከፍታችሁ፣ በትክክለኛው ንዑስ ፎልደር፣ በትክክለኛው ስም አንድ ዲዲኤስ ብታስቀምጡ፣ ጌሙ የታሸገውን ትቶ የእናንተን ያነባል። በቃ፣ ምስጢሩ ይሄው ነው። ያልታሸገ ፋይል የታሸገውን ያሸንፋል። ደስ የሚለው፣ ዋናው ሥዕል ከእሽጉ ውስጥ አልወጣም፤ የእናንተን ስታጠፉት የድሮው ተመልሶ ይታያል።

ችግሩ የሚመጣው ሁለተኛውን ሞድ ስትጨምሩ ነው። አንዱ ሞድ መላ ጌሙን ይቀይራል፣ የተራራውንም ድንጋይ ጨምሮ። ሌላው ሞድ ተራራውን ብቻ ይቀይራል። ሁለቱም አንድ ዓይነት ስም ያለው ፋይል ይዘው ይመጣሉ። በእጃችሁ ኮፒ ስታደርጉ ዊንዶውስ «ልተካው?» ይላችኋል፣ እናንተም አዎ ትላላችሁ፣ የፊተኛው ጠፋ ማለት ነው። ከሳምንት በኋላ ሁለተኛውን አልወደድኩትም ብላችሁ ማውጣት ብትፈልጉ ከሺህ ፋይል መሃል የትኛው የማን እንደሆነ አታውቁም። ጌሙን እንደገና ከመጫን ሌላ መፍትሔ የለውም፤ አለ የሚል ሰው ትዕግሥቱን አደንቃለሁ።

ስለዚህ የሞድ ማስተዳደሪያ ፕሮግራም ተጠቀሙ። ሁለቱ የታወቁት ሞድ ኦርጋናይዘር 2 እና ቮርቴክስ ናቸው፣ ሁለቱም ነፃ ናቸው። እኔ ለሞድ ኦርጋናይዘር አደላለሁ። እያንዳንዱን ሞድ በየራሱ ፎልደር ያስቀምጣል፤ ዳታ ፎልደሩን ጭራሽ አይነካውም። ጌሙን በእሱ በኩል ስትከፍቱት ብቻ ሁሉም አንድ ላይ እንዳሉ አድርጎ ለጌሙ ያሳየዋል። ምልክቱን አንስታችሁ ሞዱ እንዲቀር ታደርጋላችሁ፤ ምልክቱን መልሳችሁ ታመጡታላችሁ። በግራ በኩል ያለው ዝርዝር ላይ ከታች ያለው ከላይ ያለውን ያሸንፋል። ስለዚህ መላ ጌሙን የሚቀይረው ትልቁ ፓክ ከላይ፣ የተራራው ከሥሩ፣ የአንድ ከተማ ግንብ ብቻ የሚቀይረው ደግሞ ከዚያም ታች። የመብረቅ ምልክት ታያላችሁ፤ መደመር ያለበት ሌላውን ይተካል፣ መቀነስ ያለበት በሌላ ተተክቷል። መብረቅ ስላያችሁ አትደንግጡ፣ ስህተት አይደለም። ማን ማንን እንደሸፈነ እየነገራችሁ ነው።

ቮርቴክስ ለመጀመር ይቀላል፤ ሁለት ሞድ ሲጋጩበት የቱ ይቅደም ብሎ ይጠይቃችኋል። የሚሠራው በሃርድ ሊንክ፣ ማለትም አንዱን ፋይል ኮፒ ሳያደርግ በሁለት ቦታ እንዲታይ በማድረግ፣ ስለሆነ ግን ሞዶቹን የሚያስቀምጥበት ፎልደርና ጌሙ አንድ ድራይቭ ላይ መሆን አለባቸው። ጌሙን ዲ ላይ፣ ሞዱን ሲ ላይ አድርጋችሁ «አልሠራ አለኝ» የምትሉ፣ ነገሩ ይሄ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በጣም ያጋጥማል። ዚፑ ሲፈታ ፎልደር ውስጥ ፎልደር፣ እሱም ውስጥ ሌላ ፎልደር ይሆንና «ቴክስቸርስ» የሚለው ከውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። ዳታ ውስጥ ሌላ ዳታ ተፈጠረ ማለት ነው፤ ጌሙ ደግሞ እዚያ ድረስ ወርዶ አይፈልግም። ስህተት የሚል ጽሑፍ አይመጣም፤ ምንም አይቀየርም ብቻ። ሞድ ኦርጋናይዘር ሲጭን ከላይ የጌም ዳታ አላገኘሁም ብሎ ያስጠነቅቃል፤ «ቴክስቸርስ» ፎልደሩን የያዘውን ፎልደር ፈልጋችሁ ዳታው ይሄ ነው ብላችሁ ማሳየት ነው።

አሁን ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁን እንፈልገዋለን። የድሮውን ስካይሪም የምትጫወቱ፣ ዳይሬክትኤክስ 9 ቢሲ7ን አያውቀውም። ለስፔሻል ኤዲሽን ተብሎ በቢሲ7 የታመቀ ቴክስቸር ለእናንተ አይሆንም፤ ለእናንተ ዲኤክስቲ1 እና ዲኤክስቲ5 የሚባሉት የቆዩት ናቸው። ጌሙ 32 ቢት ስለሆነም ላፕቶፓችሁ 16 ጊጋባይት ራም ቢኖረው እንኳ ከ4 ጊጋባይት በላይ መጠቀም አይችልም። 4ኬ ስትቆልሉበት ደርቆ የሚወጣው ለዚህ ነው፤ ራም ጨምራችሁ የሚስተካከል ነገር አይደለም። ከጌሙ በፊት በሚከፈተው መስኮት፣ ላውንቸሩ ላይም የቴክስቸር ጥራት ሚዲየም ከሆነ ትልቁን ደረጃ ዘሎ ከሱ የሚያንሰውን ነው የሚያሳያችሁ፤ 4ኬ አውርዳችሁ 2ኬ እያያችሁ ነው ማለት ነው። እዚህ ላይ ቤተስዳ ራሱ በፌብሩዋሪ 2012 ለኮምፒውተር ተጫዋቾች ነፃ የከፍተኛ ጥራት ፓክ አውጥቶ እንደነበር ላስታውሳችሁ፤ ለድሮው ስካይሪም መነሻ ይሆናል። ስፔሻል ኤዲሽን ያላችሁ ደግሞ የድሮውን የቢኤስኤ እሽግ እንዳለ ብታስገቡት አያነበውም፤ ዓይነቱ ይለያያል። ፈትታችሁ ውስጡ ያሉትን ዲዲኤሶች ማውጣት ነው፣ እነሱ አብዛኛውን ጊዜ ይሠራሉ።

ችግር ሲመጣ ምልክቱን ማንበብ ልመዱ። አንድ ነገር ሐምራዊ ሆኖ ከታየ ቴክስቸሩን አላገኘውም፤ ፎልደሩን ወይ ስሙን ፈትሹ። ከሩቅ ያለው መሬት ወይም ጣሪያ ስትንቀሳቀሱ የሚርመሰመስ ከሆነ ሚፕማፕ የሌለው ቴክስቸር ጭናችኋል። አንገት ላይ ቀለበት የመሰለ መስመር ከወጣ ፊቱና ሰውነቱ ከተለያየ ሞድ የመጡ ናቸው። ዘወር ስትሉ ጌሙ እየተቆራረጠ፣ ቆም ስትሉ ደግሞ የሚለሰልስ ከሆነ ብዙ ጊዜ የግራፊክስ ሜሞሪው ሞልቶ ከራሙ እየተበደረ ነው። ይሄንን ታስክ ማናጀር ላይ፣ ፐርፎርማንስ በሚለው ሥር፣ ጂፒዩ የሚለውን ከፍታችሁ ማየት ትችላላችሁ። የተመደበውን ሜሞሪ የሚያሳየው መስመር ጣሪያውን ነክቶ ከቀረ 4ኬውን በ2ኬ ቀይሩት፤ ሌላ መድኃኒት አትፈልጉ። ይሄን ሁሉ ለማወቅ ደግሞ አንድ ሞድ ጭኖ፣ ገብቶ አይቶ፣ ከዚያ ሌላውን መጨመር ነው። ሰላሳ ሞድ በአንድ ሌሊት የጫነ ሰው የትኛው እንዳበላሸበት ማን ይነግረዋል?

ይሄን ያህል ስለሌላ ሰው ሥራ ካወራን ስለራሳችን ትንሽ ላውራ፤ እኔን የሚያጓጓኝ ይሄኛው ነው። ቴክስቸር መሥራት ያን ያህል ከባድ አይደለም። ስልክ አላችሁ። ጢስ ዓባይ ሄዳችሁ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራውን ያን የድንጋይ ድልድይ አይታችኋል? እንደዚያ ያለ ግንብ፣ እሳተ ገሞራ የወለደው ጥቁር ድንጋይ፣ ላዩ ላይ ሽበት የወጣበት፣ ለስካይሪም የተፈጠረ ነው የሚመስለው። ፀሐይ ባለበት አታንሱት፣ ጥላው ሥዕሉ ላይ ይቀራል። ክረምት ምቹ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ሰማዩ ሲዳምን ብርሃኑ እኩል ይሆናል፣ ጥላ የለም። ፊት ለፊት ቆማችሁ፣ ስልኩን ሳታጋድሉ አንሱ። ከዚያ ነፃ በሆነው የሥዕል ማስተካከያ ፕሮግራም፣ በጊምፕ፣ አራት ማዕዘን አድርጋችሁ ቁረጡት፤ ጎኑ 1024 ወይም 2048 ይሁን። ኦፍሴት በሚለው በግማሽ አዙሩት፣ ጠርዞቹ ወደ መሃል ይመጣሉ፤ ስንጥቁ የታየበትን ከሌላ ቦታ ቀድቶ በሚለጥፈው በክሎን ደብቁት። አሁን ጎን ለጎን ሲደረደር መገጣጠሚያው አይታይም። ዲዲኤስ አድርጋችሁ ሴቭ ስታደርጉ ሚፕማፕ የሚለውን ምልክት አትርሱ። ስሙን ልትተኩት እንደፈለጋችሁት የጌሙ ፋይል አድርጋችሁ በዚያው ፎልደር አስቀምጡት። ስካይሪም ውስጥ ኖርድ የሚባሉት ሰዎች ግንብ በጎጃም ድንጋይ ተሠራ ማለት ነው። የጋቢ ጥለት፣ የአገው ምድር የቀርከሃ አጥር፣ የአለላ ስፌት፣ እነዚህን ሁሉ የነካ ሰው ገና አላየሁም። ለጓደኛ ስትሰጡ ግን ያነሳችሁት የራሳችሁን ፎቶ ይሁን፤ ከሰው ሞድ ቆርጦ ስም ቀይሮ መስጠት ነውር ነው።

ወደ ጥያቄ እንለፍ።

አንዲት ልጅ ጠየቀች፦ «የኔ ላፕቶፕ ለብቻው ግራፊክስ ካርድ የለውም፣ ኢንቴል ነው። እኔ መጫን አልችልም ማለት ነው?»

ትችያለሽ። የአንቺ ግራፊክስ ከራሙ ነው የሚበደረው፤ ራሙ 4 ጊጋባይት ብቻ ከሆነ ግን ቴክስቸሩን ተዪው፣ መጀመሪያ ራሙን አሳድጊ፣ ስፔሻል ኤዲሽን ራሱ ቢያንስ 8 ነው የሚጠይቀው። ላፕቶፑ ሁለት ማስገቢያ ካለው አንድ ትልቅ ከምታስገቢ ሁለት እኩል አድርጊው፤ ፍጥነቱ ይጨምራል። ከዚያ 1ኬ ተራራና መንገድ ጫኚ፣ ፊቶችን ጨምሪ፣ እዚያ ላይ ቁሚ። ስክሪንሽ 768 ከሆነ ብዙም አልቀረብሽም።

ሌላው ደግሞ «ደረጃ 50 የደረስኩበት ሴቭ አለኝ፣ ይበላሽብኛል?» አለ።

ሥዕል ብቻ ከሆነ ሴቭህን አይነካውም። መሃል ላይ መጫን፣ መሃል ላይ ማውጣት ትችላለህ። ሴቭ የሚያበላሹት ስክሪፕት፣ ማለትም የጌሙን አሠራር የሚቀይር ኮድ፣ ያላቸው ሞዶች ናቸው። ኢኤስፒ ይዞ ከመጣ ግን መግለጫውን አንብበህ አውጣው። ቢሆንም ሴቭህን ሌላ ቦታ ኮፒ አድርግ፤ ደረጃ 50 ቀልድ አይደለም።

ከፊት የተቀመጡ አባት እጃቸውን አወጡ፦ «ልጄ ሌሊቱን ሙሉ የሚያደርገው ይሄን ነው?»

አዎ ጋሼ፣ ሳይሆን አይቀርም። ሜሞሪ ማስላት፣ ፋይል ማደራጀት፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ መመሪያ ማንበብ እየለመደ ነው። ቆጣሪው በእርስዎ ስም ከሆነ ግን የመተኛ ሰዓቱን እርስዎ ይወስኑ፤ እኔ እዚያ ውስጥ አልገባም።

የመጨረሻው ጥያቄ ስለ መብራት ነበር፦ «ኮፒ እያደረግን መብራት ቢጠፋስ?»

ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ያድናችኋል። ዴስክቶፕ ያላችሁ ዩፒኤስ ከሌላችሁ ትልቅ ነገር ኮፒ ስታደርጉ በልባችሁ ጸልዩ። መብራት ሲመለስ ግን ዝም ብላችሁ አትቀጥሉ፤ በግማሽ የተቆረጠ ፋይል ሙሉ ስም ይዞ ሊቀመጥ ይችላል። ዚፑን በ7ዚፕ ክፈቱና «ቴስት» የሚለውን ተጫኑ፣ የተበላሸ ካለ በስም ይነግራችኋል። ደህና ካለ ሞዱን ከማስተዳደሪያው አጥፍታችሁ እንደገና ጫኑት። ዚፑን አታጥፉ ያልኳችሁ ለዚህም ጭምር ነው።

አሁን ፍላሽና ሃርድ ዲስክ ያመጣችሁ በዚህ በኩል ተሰለፉ። ባለ 1ኬና ባለ 2ኬው ተለይቶ ተቀምጧል። ኮፒ ከማድረጌ በፊት ሁሉም ፍላሽ ስካን ይደረጋል፤ ቅር የሚለው ካለ ከአሁኑ ይናገር።